ርእሰ መምህሩን ማነው የሚቀይረው?

ሰኞ፣ ኅዳር 13 ቀን 2003 ዓ.ም.

ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ መብራት ጠፋ። ፕላዝማው ላይ ያለችው ሴትዮ ስለ ስቴትና ስለ መንግሥት በእንግሊዝኛ እየሮጠች ሳለ ድርግም። የዘጠነኛ ቢ ልጆች «እሰይ» አሉ። እኔም ደስ አለኝ። ሴትዮዋ ልጆቹ ገባቸው አልገባቸው ግድ የላት። እኔ ደግሞ አጠገቧ ቆሜ ራሴን መነቅነቅ ሰልችቶኛል።

ጊዜ ስለነበረኝ በምሳሌ አስረዳኋቸው። ስቴት ማለት ይሄ ትምህርት ቤት ነው በሉት፤ ግቢው፣ እናንተ፣ ደንቡ... መንግሥት ደግሞ ርእሰ መምህሩ። ርእሰ መምህር ይመጣል፣ ይሄዳል። ትምህርት ቤቱ ይቀራል። ሳቁ፣ ገባቸው። መጽሐፉም ይሄንኑ ነው የሚለው፤ ስቴት ቋሚ ነው፣ መንግሥት ተለዋጭ።

ትንሳኤ ጦና እጇን አወጣች። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ዝምተኛ... «ቲቸር፣ ታዲያ ርእሰ መምህሩን ማነው የሚቀይረው? እኛ ነን?» ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። «ትምህርት ቤት ውስጥ አይደላችሁም። በአገር ከሆነ ግን እናንተ ናችሁ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላችሁ፣ በካርድ» አልኳት። ጥሩ መልስ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥም ማስተማር ይጣፍጣል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

መብራት አልመጣም። ቦይና ጎደሬ ቀቅዬ ባሌን ጠበቅኩ። ሚልክያስ ከቢሮ አምሽቶ ገባ፤ እነሱም ጋ ግምገማ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

የባዮሎጂዋ አገርነሽ ከላቦራቶሪው ጀርባ ጠራችኝ። የአንድ ለአምስታችን ጠርናፊ እሷ ናት፤ አምስታችን ያልነውን ወደ ላይ ታደርሳለች። ግን ጓደኛዬም ናት... ናት አይደል?

«አሳዩ፣ ዘጠነኛ ቢን ምን ብለሽ ነው ያስተማርሽው?»

«መጽሐፉ ላይ ያለውን።»

«መንግሥት ይቀየራል አለች እየተባለ ነው። ሌላው ደግሞ ርእሰ መምህሩ አቶ ባዳቾ ሊነሱ ነው አለች ይላል።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ከሰዓት በኋላ ያስተማርኩትን አንድም አላስታውስም።

አርብ፣ ኅዳር 17

ርእሰ መምህሩ አቶ ባዳቾ አስጠሩኝ። ቁጭ በይ አሉ፣ ቁጭ አልኩ። «እኔን መንግሥት አድርገሽኛል አሉ» ብለው ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግ ለማለት ሞከርኩ፤ ከንፈሬ አልታዘዝ አለኝ።

«ምሳሌው የማስተማር ስህተት ነው፤ ይታረማል። የጠየቀው ልጅ ግን... እንዲህ ያለ ጥያቄ ከራሱ አይመጣም። ማን ልኮት እንደሆነ ማወቅ አለብን። ተማሪዎቹን ጠየቅን። ክፍሉ በሙሉ አልሰማንም አለ። አንቺ ስሙን ብቻ ንገሪን።»

«መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ጨለማ ነው፣ አላየሁትም» አልኩ። በጠራራ ፀሐይ! ሌላ ውሸት አጣሁ እንዴ? እሳቸውም መስኮቱን አዩ፣ እኔንም አዩኝ።

«እስከ ረቡዕ አስታውሺ። ረቡዕ ግምገማ አለ።»

ስወጣ ግድግዳውን ይዤ ነው ደረጃውን የወረድኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18

ለሚልክያስ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። እሱም የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ አንዳችን ከተነካን ሌላችን አንተርፍም። ቦምቤ ያለችው እናቴስ? እኔን አይደል የምታየው?

«ማናት ግን?» አለኝ። ነገርኩት። ለማን ልንገር ታዲያ?

«ስጫቸው አሳዩ። ልጅ እኮ ናት፤ ምን ያደርጓታል?»

«ልጅ ከሆነች ለምን ይፈልጓታል?»

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አለ። የሲቪክስ አስተማሪ ቤት ውስጥ! ሌላ ጊዜ ቢሆን እስኪበቃው እቀልድበት ነበር።

እሁድ፣ ኅዳር 19

ጸሎት ቤት ሄድኩ። ፓስተሩ ምን እንደሰበኩ አላውቅም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ዞሬ አየሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 20

ትንሳኤ ዛሬ ከፊት ተቀመጠች። ምንም አልጠየቀችም። ዓይኔን ስትፈልግ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። እኔ ባያት ሌላውም ያያታል ብዬ... ልጅቷ ግን ምን ይመስላት ይሆን? የተቆጣኋት ይመስላታል።

እጄ ላይ ጠመኔው ተሰበረ፣ ሌላ አነሳሁ፣ እሱም ተሰበረ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 22

አለቀ። ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ያፍነኛል።

መጀመሪያ ግለ ሂስ ነው። ሁላችንም አዳራሽ ተሰብስበን በየተራ ተነስተን ራሳችንን እንወቅሳለን። ተራዬ ደረሰ። «ምሳሌዬ ተገቢ አልነበረም። ተማሪን ያሳስታል» አልኩ። መጽሐፉ ላይ ያለውን፣ ስንት ዓመት ያስተማርኩትን ነገር ስህተት ነው አልኩ። ማንም ቀና አላለም። አገርነሽ ጥፍሯን ታያለች።

«ጠያቂውስ?» አሉ አቶ ባዳቾ።

«አላስታውስም።» ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ። አሁን ያባርሩኛል፣ አሁን በሩ ላይ ፖሊስ ይቆማል እያልኩ...

«ተዪው። ትንሳኤ ጦና ናት፤ ስሟ ደርሶናል። እኛ የፈለግነው አንቺ ትናገሪ እንደሆነ ለማየት ነው። ደግ ባል አለሽ። እሱ ባይተባበር ኖሮ ውሳኔው ሌላ ነበር።»

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተወሰነብኝ። እጅ አውጡ ተባለ፣ ሁሉም አወጣ። እፎይ አልኩ። አዎ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው፣ አልተባረርኩም። «ደግ ባል» ያሉት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ስሟን ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 23

አልካደም።

«ቢሮ ጠርተውኝ ነው። ሚስትህ ትታሰራለች አሉኝ። ፈራሁ አሳዩ። ስላንቺ ነው የፈራሁት።»

እውነቱን ነው። ፊቱን አየሁት፣ እውነቱን ነው። ለክፋት ወይም ለሹመት ብሎ ቢሆን ኖሮ እሰድበው፣ ጥዬው ወደ እናቴ እሄድ ነበር። ለኔ ብሎ ያደረገውን ምን እላለሁ? እኔስ እፎይ ብዬ የለ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 28

የትንሳኤ አባት ጦና ትምህርት ቤት መጡ። ከእርሻ በቀጥታ፣ ጭቃው እግራቸው ላይ ነው። ቀበሌ ጠርቷቸው «ልጅህን ማን ነው የሚያስተምራት?» ብሏቸዋል። «ትምህርት ቤት አልኳቸው» አሉኝ በወላይትኛ። «ሌላ ማን ያስተምራታል?»

ልጅቷን ገሱባ ከተማ እህታቸው ጋ ሰደዋታል። እዚያ ትምህርት ትቀጥላለች ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «ይርሷት መጀመሪያ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቲቸር፣ የጠየቀችው ነገር መጥፎ ነው?» አሉኝ።

አቶ ባዳቾ በረንዳው ላይ ቆመዋል። «አይደለም» አልኩ፣ ግን በጣም ቀስ ብዬ። አባትየው ይስሙኝ አይስሙኝ እንጃ። ጎንበስ ብለው አመስግነውኝ ሄዱ። ምን አድርጌላቸው ነው?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4

ከሚልክያስ ጋር እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ስለ ዝናብ እናወራለን። ዛሬ ጠዋት «ትምህርት ቤት እንዴት ነው?» አለኝ። «ደህና» አልኩት። ሌላ ሊጠይቀኝ አፉን ከፈተና ተወው። ባሌን እፈራዋለሁ። እሱም እንደምፈራው ያውቃል።

ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ፕላዝማው ተበላሸ። እሰይ ያለ የለም። እኔም መጽሐፋችሁን አንብቡ ብዬ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ልጅ ከመሃል እጁን አወጣ። ከሌላ ትምህርት ቤት በቅርቡ የመጣ ነው መሰለኝ፣ ፊቱ አዲስ ነው። ተቀመጥ ልለው ነበር።

እንደ ሥርዓቱ ብድግ አለ። «ቲቸር፣ ስሜ...»

«ስምህን አትንገረኝ» አልኩት። «ጥያቄህን ጠይቅ።»