ምጽዋት የተባለው ዝይ

አርብ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 1867
ቀኑን ሙሉ የጫማ ተረከዝ ስመታ ዋልኩ። ሰር ሊዮፖልድ ጫማቸውን ሊወስዱ መጡ። እንደ ወትሮው ግራው ቀይ፣ ቀኙ ጥቁር። የከተማችን የፓርላማ ተመራጭ፣ የሀብታም ሀብታም... አህያቸውን ግን እልፍኝ አስገብተው ከማዕዳቸው ያበሏታል። ምነው ስላቸው፣ «ፓርላማ ውስጥ ከስንት አህያ ጋር በልቻለሁ! ይቺ ቢያንስ ንግግር አታደርግም» አሉ።

ለገና ለሰፈራችን ቤት ሁሉ አንድ አንድ ዝይ ሊሰጡ ነው። ተቀባዩ የሚፈርምበት መዝገብ ይዘዋል።

«አናቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ፣ ኦባዳያ? ስጦታ?»

«ስጦታማ ማንም ይሰጣል፣ ጌታዬ። ምጽዋት ይበሉት። እርስዎም የጥንት ጳጳስ ይመስላሉ፣ ዝይውም ይጣፍጣል።»

ቀልዴን ነበር። እሳቸው ብዕር አወጡ... ሳቄን በመዶሻዬ ድምፅ ሸፈንኩ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 25
ፈርመን በላን። ዶርካስ፣ የሟች እህቴ ልጅ፣ «አጎቴ፣ እስቲ ምጽዋቱን አቀብለኝ» እያለች አሳቀችኝ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 4 ቀን 1868
ስሜ ከመራጮች ዝርዝር ገባ! ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተለጥፏል። አዲሱ የምርጫ ሕግ ለእኛ ለጫማ ሰፊዎችም ደረሰ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ... ፊደል የለየሁት ቆዳ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ዛሬ የራሴን ስም አነበብኩ። በኖቬምበር አደባባይ ቆሜ የምመርጠውን ሰው ስም ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ተለማመድኩ።

«ሰር ሊዮፖልድ ዊንስካም!»

«አጎቴ፣ ላም የጠፋብህ ትመስላለህ።»

ትሳቅ። በደጃችን የሚያልፈውን የቆሻሻ ቦይ አስደፍናለሁ ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። እናቷን የገደላት የዚያ ቦይ ውሃ ነው። ተፎካካሪያቸው ግሪምሾ ግን የፋብሪካውን እድፍ የሚደፋው እዚያው ነው።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 24
የመራጮች ዝርዝር የሚታረምበት ችሎት። የግሪምሾ ጠበቃ የዝይውን መዝገብ ይዞ ተነሣ። ከየት አገኘው? ሰርዬው ራሳቸው በኩራት ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ሰጥተውት ኖሯል! በዓመቱ ውስጥ ምጽዋት የተቀበለ አይመርጥም ይላል ሕጉ። እኔ ይህን የት አውቄ...

«ይህ ፊርማ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ከላይ የተጻፈውን አንብብልን። ማንበብ ትችላለህ አሉ።»

አነበብኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ዳኛው ሰር ሊዮፖልድን «ይህን ቃል ማን መረጠው?» አላቸው። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ መሬት መሬት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ቂል ሽማግሌ መሆኔን ከተማው ያውቃል።»

ስልሳ አንድ ስም ተሰረዘ። የኔም።

ጎረቤቴ ሸማኔው ኤኖክ በር ላይ ያዘኝ። «ያ እብድ በዝይ ሸጠን!» አለ። ያኔ ነበር መናገር። ሳል ሳል አደረግሁና አለፍኩ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 17
ምርጫ። መራጮችን ከለየው ገመድ ውጭ ቆሜ የሌላውን ጩኸት ስሰማ ዋልኩ። ግሪምሾ በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ አሸነፈ። አሥራ ዘጠኝ! ኤኖክ የበሰበሰ ዓሣ ወረወረ፤ የሰርዬው ደረት ላይ አረፈ። «ተው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ... ስንት ወር ጩኸት የተለማመድኩ ሰውዬ፣ ትንፍሽ አላልኩም።

አርብ፣ ዲሴምበር 18
ዝናብ። ቦዩ ሞልቶ ደጃፋችን ደርሷል። ዶርካስ የበሩን ሥር በጨርቅ ስትወትፍ ዋለች። ቀልድ ብጤ ጣል አደረግሁ፤ ቀና ብላም አላየችኝ። ቃሉ የኔ እንደነበር ለእሷም አልነገርኳትም።

ሰር ሊዮፖልድ መጡ። አህያዋን ወደ ጋጣ መልሰዋታል።

«ጌታዬ፣ ያቺ ቃል...»

«ጫማ ላዝዝ ነው የመጣሁት፣ ኦባዳያ።»

ለግራ እግራቸው ቀዩን ቆዳ አወረድኩ። ሳልጠየቅ፣ እንደ ልማዴ።

«መልሰው» አሉኝ። «ሁለቱም ጥቁር ይሁኑ። እንደ ሰዉ።»