የሸክላ ሽማግሌያችንን ለወሰዱት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሥነ ጥበብ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ ደኅና ነው? ጉልበትዎስ? በተለይ ለዓይንዎ ጤና ይስጥልኝ፤ እኛ ቤት የዓይንን ዋጋ ስለምናውቅ ምኞቴ ከልብ ነው። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ዕድሜዬን የሰው ቤት ዕቃ ስጭንና ሳወርድ የጨረስኩ ሽማግሌ ነኝ። ይህን እኔ እናገራለሁ፣ የልጄ ሚስት ትጽፋለች። እሷ «አባባ፣ ትንሽ ለስለስ ይበል» ስለምትለኝ፣ እዚህ ውስጥ ለስላሳ ነገር ካገኙ የእሷ መሆኑን ይወቁልኝ። ለእርስዎ ብቻ መላክ ሲገባኝ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ማድረጌም ደግነትዎ በአንድ ቢሮ ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ግዢው አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ከቤት መውጣት ጠልታ ነበር። አንድ ቀን በስንት ልመና አስወጥቻት ዝናብ አባረረንና አዳራሽዎ ገባን። እጇን ዘርግታ ስትራመድ አንድ የሸክላ ሽማግሌ ራስ ላይ አሳረፈችው፤ ዘበኛው «እማማ፣ አይነካም! ተጽፏል እኮ!» ብሎ ጮኸ። ጽሑፉን እኔ አላነብ፣ እሷ አታይ፤ እንግዳ መቀበል እንዲህ ነው። እሷ ግን ጆሮውን፣ የግንባሩን እጥፋት፣ ጠመም ያለ አፍንጫውን አንድ በአንድ ዳስሳ ስታበቃ «ይሄ ሰውዬ ከኛ ጋር ይሄዳል» አለች። ሄደም።

ሁለተኛ፤ የአዳራሽዎ ሻጭ «ለአባትም አንድ ያስፈልጋል» ብላ በእንጨት ተቀርጾ ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል አስገዛችኝ። ባዶ መንገድ ላይ አንድ ሰው ጃንጥላውን ይዞ ከነፋስ ጋር ሲታገል ያሳያል። ቆንጆ ነው፤ ቆንጆነቱን የማውቀው ግን ጥቂት ቀን ስላየሁት ነው። የእንክብካቤ ባለሙያዎ የገዛነውን አያያዝ ልታይ ቤታችን መጥታ፣ ብርሃን ቀለሙን ይበላዋል፣ የግድግዳው እርጥበት ወረቀቱን ያሻግተዋል ብላ መሳቢያ ውስጥ አስተኛችው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። እንግዳ ሲመጣ መሳቢያውን አሳያለሁ፤ ጥሩ እንጨት ነው ይሉኛል።

ሦስተኛ፤ ስለዚህችው ባለሙያ። ነጭ ጓንት አጥልቃ ስትገባ ለቀዶ ጥገና የመጣች መስሎን ደንግጠን ነበር። ሽማግሌውን አገላብጣ አየችና ግንባሩ ጠቁሯል፣ ጆሮው ወዝ ጠጥቷል፣ ሸክላው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ቅብ ስላልተቀባ የእጅ ቅባት ሰርጎ ይገባዋል ብላ አስረዳችን። እውነቷን ነው፤ ጠጥቷል። ባለቤቴ ስትነቃ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ እሱ ነበር። እየዳሰሰች ሕልሟን ትነግረዋለች፣ እኔን ታማለታለች። «ሳያቋርጠኝ የሚሰማኝ እሱ ብቻ ነው» ትላለች፤ ይህ ነገር ለማን እንደተወረወረ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። ባለሙያዋም «ለጽዳት ነው እማማ፣ ቶሎ ይመለሳል» ብላ በጥጥ ጠቅልላ ወሰደችው። እስከ መኪናው ድረስ አቅፌ ያደረስኩላት እኔ ነኝ። ሞኝነት በዕድሜ አይቀንስም።

አራተኛ፤ ሽማግሌው ቀርቶ ደብዳቤዎ መጣ። ቁልፍ ያለው የመስታወት ሣጥን እስክናሠራለት ድረስ «ለሥራው ደኅንነት ሲባል» እርስዎ ዘንድ እንደሚቆይ፣ ለእሱ የሚበጀውንም ማዕከሉ እንደሚያውቅ ጽፈውልናል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው የሚል ተረት አለ፤ እርስዎን ማለቴ አይደለም፣ ድንገት አፌ ላይ መጥቶ ነው፤ ልጅቱም ሳላስቆማት ጻፈችው።

እንግዲህ በእርስዎ እንክብካቤ የደረስንበት ይህ ነው፤ ዓይን ያለኝ ሰው የማላየው ሥዕል ዘበኛ ሆኛለሁ፤ እጅ ብቻ የቀራት ባለቤቴ ደግሞ የማትነካው ሸክላ ባለንብረት ሆናለች። ሁለቱም ሥራዎች ለመጪው ትውልድ ሳይጎዱ ይተላለፋሉ ብለዋል። መጪውን ትውልድ እንኳን ደስ ያለህ ይበሉልኝ። እኛ ግን ልንሄድ የተነሳን ትውልድ ነንና ጥቂት ቢቸኩሉልን ምን ይመስልዎታል? ሽማግሌው ከተወሰደ ወዲህ ባለቤቴ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ጥላ ትውላለች። የት ላኑራቸው ትለኛለች። እርስዎ የተማሩ ነዎትና መልስ ካለዎት ይላኩልኝ።

የምለምነው ነገር የለም፤ የምጠይቀው ግን አለ። ሽማግሌው ሳይታጠብ፣ ሳይወለወል፣ ከነወዙ ይመለስልን። የመስታወት ሣጥን አላሠራም። ይጠቁር፤ ጠቁሮ ጠቁሮ ከሰል ይምሰል፤ የገዛነው ለዚያ ነው። እኔው መጥቼ እሸከመዋለሁ። የስንቱን ጌታ የመስታወት ቁም ሣጥን በጠባብ ደረጃ ሳወርድ ሰበርክ ተብዬ አላውቅም።

ለጥበብ ያለዎትን ፍቅር፣ ሰው እንዳይደርስባትም የሚያሳዩትን ትጋት ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እያደነቅኩ፣ በደረሰኙ ወረቀት የሸክላ ሽማግሌ ባለቤት፣ በእውነት የአንዲት ሴት ባል የሆንኩት እኔ፣ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ከታች አኑሬያለሁ። ወዝ ስላለበት እባክዎ በጓንት ይያዙት።

ማስታወሻ፦ እጅ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥምና፣ ባለቤቴ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት የእኔን ፊት መዳሰስ ጀምራለች። መጀመሪያ «አፍንጫህ እንደ ሸክላው አልተዋጣለትም» አለችኝ። ትናንት ግን «ለካ እንዲህ አርጅተሃል» አለችና እጇን ሳታነሳ ብዙ ቆየች። ማዕከልዎ ሳያውቅ የሠራልን ብቸኛ በጎ ሥራ ይህ ስለሆነ ሳላመሰግን አላልፍም። ሽማግሌውን ግን አሁንም እንፈልገዋለን። ልወስደው የምመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሥራ ይዣለሁ።