ያልጻፍኩት ስም

ጂንካ፣ ኅዳር 18 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለቤቴል፣

ሐዋሳ ተስማማሽ ወይ? እኛ በጌታ ቸርነት አለን። የእናትሽ ጉልበት ተሽሏታል፤ በቆሎውም ገብቷል።

ይህን የምጽፍልሽ ለትምህርትሽ ከሞላሁልሽ መጠይቅ አንዱ መልስ ውሸት ስለሆነ ነው። «ፖሊስ ቢበድልዎት አቤቱታዎን የሚሰማ አለ ብለው ያምናሉ?» ለሚለው «በጣም አምናለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። ሰርዢው።

እዚህ ሰፈር መጻፍ ለማይችል ሰው ማመልከቻ የምጽፈው እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ። ፊደል የለየሁት ካገባሁ በኋላ፣ ያለ አስተማሪ ነው፤ እኮራበት ነበር። በመስከረም ሸክላ ሠሪዋ አለምነሽ ቀኝ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። አልዱባ ገበያ አንድ ፖሊስ ከመንገድ ተነሺ ብሏት፣ ሸክላዋን በጫማው ሰባብሮ፣ ስትከራከረው እጇን በዱላ መቷታል። ማን ነው ብዬ ጠየቅኳት።

«ጋሽ ቶላ፣ ልጅህ ነው። አንተ ግን ያልኩህን ትጽፋለህ ብዬ መጣሁ» አለችኝ።

ወንድምሽ ሉቃስ ነው።

ሁሉንም ጻፍኩ። ስሙ ላይ ስደርስ ግን ሉቃስ ብሎ ማቆም የለም፤ የአባት ስም ይከተላል። «ስሙ ያልታወቀ ፖሊስ» ብዬ ጻፍኩ። ሳነብላት ግን ስሙን ጠርቼ አነበብኩላት። ቀኙ አብጦ ስለነበር በግራ አውራ ጣቷ ፈረመች።

ጣቢያው ተከሳሹ አልታወቀም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ስትጠይቀኝ እየተጣራ ነው አልኳት፤ አመነችኝ። ባለፈው ቅዳሜ ለድካምህ ብላ ድስት አመጣችልኝ። እጇ ገና ጭቃ ስለማይጨብጥላት የሠራችው እህቷ ናት። እናትሽ ልትሠራበት ብታነሳው ተቆጣኋት። ምክንያቱን አልነገርኳትም።

ሉቃስንም ጠየቅሁት። «አባዬ፣ ሰው ካልፈራን አይታዘዝም» አለኝ። እናንተን ስገርፍ እኔ የምለው ነበር።

ዛሬ ማመልከቻውን እንደገና ጻፍኩት፤ ሉቃስ ቶላ ብዬ። ነገ አለምነሽ ቤት ሄጄ ያደረግኩትን እነግራታለሁ። ከፈቀደች አብሬያት ጣቢያ እገባለሁ። ወንድምሽ ሥራውን ሊያጣ፣ ሊታሰርም ይችላል። ተው ልትዪኝ እንዳትደውዪ፤ አልሰማሽም።

ወረቀቱን እኔ አላነብላትም። የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ በረከት እንዲያነብላት ለምኜዋለሁ።

ጌታ በወጣሽበት በገባሽበት ይጠብቅሽ። ትምህርትሽን አታቋርጪ።

አባትሽ ቶላ ቦሼ