ባለ ቀይ ሻርፑ መርጋ

ለታላቅ እህቴ ለቀድሪያ፤ እንደምን ከርመሻል? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ አላህ ይመስገን አካሌ ደህና ነው። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ እህል አልወርድ ብሎኛል።

አባባ ሱቅ ውስጥ ያስተማረንን ታስታውሻለሽ? የሰው ስም ብቻውን ይበርራል፣ ከአገሩና ከለበሰው ጋር እሰሩት ይለን ነበር። ጦር ሜዳም የአምቦ አካባቢ ልጆችን ስም የያዝኩት በዚሁ ዘዴ ነው። በሐሳቤ መንገዱን እየሄድኩ ጉደር ስደርስ የጉደሮቹን፣ ጌዶ ስደርስ የጌዶዎቹን እጠራለሁ። ሁለት መርጋ ነበሩን። ባለ ቀይ ሻርፑን ጉደር፣ ሌላውን ጌዶ አስቀመጥኳቸው። አንድ ቀን ፊቱ ተሸፍኖ በቃሬዛ የወሰዱትን ሬሳ ያወቅሁት በዚያ ቀይ ሻርፕ ነው። ከዚያ ወዲያ ተበታተንን።

ሰኔ ላይ እንደተመለስኩ ጉደር ሄጄ ለባለ ቀይ ሻርፑ መርጋ እናት ለእማማ ድንቅቱ መርዶ ነገርኩ። ፀጉራቸውን ተላጭተው አለቀሱ። ጌዶ ደግሞ የሌላውን መርጋ አባት ኦቦ ሆርዶፋን ልጅዎ በሕይወት አለ፣ ይመጣል አልኳቸው፤ እሱ ሲገባ የሚታረድ በግ አስረው እየቀለቡ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እማማ ድንቅቱ ከገበያ ወደ ሱቄ መጡ። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ እኮ ሻርፕ አልነበረውም፤ ቀይ ነገርም አይወድ» አሉኝ። ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ጓደኛ ሰጥቶት ይሆናል አልኳቸው። እሺ አሉ፤ ዓይናቸው ውስጥ ግን ተስፋ አየሁ።

ቀድርዬ፣ በጥር 82 የላክሁልሽ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ጓደኞቼ ሰላም ሲሉሽ እያንዳንዱን በአገሩና በልብሱ ጽፌልሻለሁ። ባለ ቀይ ሻርፑን የየት አገር ልጅ ብዬዋለሁ? ሣጥኑን ገልብጪው፤ ፍራሹንም አንሺ። አይጥ በልቶትም ከሆነ አትደብቂኝ። እኔማ አሁን አቀያይሬ ስጠራቸው ሁለቱም እውነት ይመስሉኛል። ጉደር ካልሽኝ እኚያን እናት ሁለተኛ መርዶ ላረዳቸው ነው። ጌዶ ካልሽኝ በሰላም ቤት ለቅሶ ይዤ ልገባ ነው። መልስሽን እየለመንኩ መልስሽን እፈራለሁ።

የእማዬን የናፊሳን ጉልበት ሳሚልኝ። ለባልሽ ለደሊል፣ ለትንሿ ሹኩሪያ፣ ለአብዱልናስርም ሰላምታዬን አድርሺ። ያኔ ሁለቱም መርጋዎች እህትህን ሰላም በልልን ብለውኝ ነበር። አንደኛው ዛሬም ሰላም ይልሽ ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ረዲ
አምቦ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1984 ዓ.ም.