«አዎ፣ አይ» ያልሽ ዕለት

ተራራ ላይ ለሰነበተችው ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ እናቴ? ጤናሽስ? ተረከዝሽ ላይ ውሃ የቋጠረው ቁስል ጠገገልሽ? ሳልሽ ለቀቀሽ? እዚያ ላይ በረዶው በርትቷል ሲሉ ሰምቼ፣ ሁለተኛውን የሱፍ ሹራብ ጥለሽ መሄድሽ ሲቆጨኝ ሰነበተ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። «በጣም» የምትለዋን ሰርዣት ነበር፤ ተመልሼ ጻፍኳት። ታምኚያት እንደሆን እንጃ።

ይህን ደብዳቤ ስጀምረው ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አልነግርሽም። ትንሽ እጽፍና እነሳለሁ። የታጠበውን ሳህን መልሼ አጥባለሁ። ሶፋውን ወደ መስኮቱ እገፋና፣ እዚያ ደግሞ አላምር ሲለኝ ወደ ግድግዳው እመልሰዋለሁ። ውሻችን ቢስኪት እንኳ ሰልችቶት ጓሮ ወጥቶ ተኛ። ቅድም ጀልባዎቹ ድረስ ሄጄ፣ የውሃ ወፎቹን፣ ፔሊካኖቹን፣ ቆሜ አየሁና ለምን እንደመጣሁ ሳላውቅ ተመለስኩ። እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኛል። የምነግርሽ ነገር ስላለ ነው። እስቲ አሁን ሳልነሳ ልጨርሰው።

ረቡዕ ዕለት አንቺ ያለሽበት መጥቼ ነበር።

አዎ፣ እኔው ራሴ። አትደንግጪ፣ ዝም ብለሽ አንብቢ።

ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ። ቤት እስክደርስ አልቻልኩም፣ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ከፈትኩት። «እማ፣ አልቻልኩም። ጨለማው ያስፈራኛል፣ ሴቶቹም አይወዱኝም። ነይና ውሰጂኝ» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። በማግስቱ ደግሞ ያ ካናዳዊው መምህራችሁ ኮልተን ደወለልኝ። «ልጅዎ ሰሞኑን ዝምታ አብዝታለች። ወደ ቤት መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ ብጠይቃት አዎ አለችኝ። ምን ይሻላል ብዬ ነው የደወልኩት» አለኝ። ከዚህ በኋላ እኔን ማን ያቆመኛል?

ድሮም እኮ አልፈለግሁም ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን ስልካቸውን ቀምቶ ለመንፈቅ ዓመት ጫካ ማስገባት ምን የሚሉት ትምህርት ነው? ርዕሰ መምህሯ «በራሷ እንድትተማመን ያደርጋታል» ስትለኝ፣ «በራስ መተማመን እንጨት በመፍለጥ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ የኔ አያት የአገር መሪ ትሆን ነበር» ብያታለሁ። ያኔ አጠገቤ ነበርሽ፤ በክርንሽ ጎሸም ስታደርጊኝ ትዝ ይለኛል።

ጎረቤታችን ብሮንዊን ልታስቆመኝ ሞክራ ነበር። እንደ ሰሞኑ ልማዷ ሾርባዋን በድስት ይዛ ከች አለች። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ አንድም ቀን አልቀረችም፤ «አብዝቼ ሠርቼ ተረፈኝ» ትላለች። ብቻዋን የምትኖር ሴት በየቀኑ አብዝታ ትሠራለች? እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ። ደብዳቤሽን ሳነብላት «ተያት፣ ታልፈዋለች። በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚያድገው እናቱ ዞር ስትልለት ነው» አለችኝ። ደሜ ፈላ። «አንቺ ደግሞ ስለ ልጅ ምን ታውቂያለሽ?» አልኳት። «አራት ወልጃለሁ እኮ» አለችኝ። ለካ ወልዳለች! ሁሉም ትልልቅ ሆነው ከቤት ስለወጡ ረስቻቸው ነው። አፍሬ ይሁን ተናድጄ እንጃ፣ «ሾርባሽን ውሰጂ» አልኳት። ድስቱን ምድጃው ላይ ትታው ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት ለአለቃዬ ጥርሴን አሞኛል አልኩትና የአሳ መደብሩን ጥዬ ወጣሁ። ነዳጅ ማደያው ጋ ሥጋ የታጨቀበት ትልቅ ፓይ ስገምጥ አገኘኝ። ጥርሴን ብቻ አይቶ አለፈ። ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን ያባርረኛል።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገርሽ። የብሩተንን ከተማ አልፌ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ዘፈን ጀመርኩ። ልጄ አልቻልኩም ብላ እየጻፈችልኝ፣ እኔ መሪ ይዤ እዘፍናለሁ! ደስ ብሎኝ ነበር። የአልጋዬን አንሶላ ቀይሬ፣ ትራስሽን በበኩልሽ አስተካክዬ ነው ከቤት የወጣሁት። አባትሽ ካረፈ ወዲህ ጨለማ ስለምትፈሪ እኔ ጋ ነው የምትተኚው። ይህንን መደብሩ ውስጥ ለማን ያላወራሁት አለ? «ልጄ ያለ እኔ እንቅልፍ አይወስዳትም» እላለሁ፣ አሳ እየጠቀለልኩ። ስናገረው ደስ ይለኝ ነበር።

ስደርስ ኮልተንን ወጥ ቤት ውስጥ ምስር እያማሰለ አገኘሁት። ደህና ዋልክ እንኳ አላልኩትም። «ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት፤ ሻንጣዋን አውጣልኝ» አልኩት። «ከተራራው ገና አልወረዱም፤ ለምሳ ይደርሳሉ። ሻይ ላፍላልዎ?» አለኝ። «ምን ሻይ ታቀርብልኛለህ! ልጄ እዚህ ጨለማ እየፈራች!» ስል ጮኽኩበት።

«ማን?» አለኝ።

«ልጄ ነቻ!»

«የርስዎ ልጅ?» አለና ሳቀ። ማማሰያውን ነጥቄ ልለው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ነገረኝ። የመታጠቢያው ውሃ በእንጨት እንደሚሞቅ፣ እንጨት ያላመጣ ጎጆ በበረዶ ውሃ እንደሚታጠብ፣ የእንጨቱ መጋዘን ዛፎቹ ውስጥ እንደሆነ። «ሲመሽ ወደዚያ ዝር የሚል የለም። ዛፍ ላይ የሚኖረው ፖሰም የሚሉት አውሬ ካጓራ ሁሉም ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል። የምትሄደው እሷ ናት፤ ባትሪ እንኳ አትይዝም። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ጫካ ያደሩ ጊዜ የጎጆ ጓደኛዋ ጃሲንታ ድንኳኗ ውስጥ ስታለቅስ፣ ልጅዎ ከወዲያ ማዶ ሆና እያፏጨች ነው ያስተኛቻት» አለኝ።

«ሴቶቹ አይወዷትም አሉ እኮ» አልኩት፤ ድምፄ ትንሽ ዝቅ ብሏል።

«አይወዷትም? የጎጆ አለቃቸው ያደረጓት እነሱ ናቸው። የመጣች ሰሞን እኮ ወንበር ብትገፋ ወንበሩን ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። አሁን እኔንም ታዘኛለች» አለኝ። ቀጠለና «ለዚህ እኮ ነው አዎ ስትለኝ የገረመኝ» አለ።

«ቃል በቃል ምን አለችህ?»

«ወደ ቤት መሄድ ትፈልጊያለሽ ስላት፣ 'አዎ፣ አይ' አለችኝ።»

ልጄ፣ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ጠረጴዛውን ይዤ ነው የሳቅሁት። ይሄ ምስኪን ሰው! እዚህ አገር ከመጣ ገና ወራት ቢሆነው ነው፤ «አዎ»ን ከሰማ የቀረውን አይሰማም። «አንተ ሰውዬ፣ እኛ 'አዎ' የምንለው ሰምቼሃለሁ ለማለት ነው። መልሱ ከኋላ የምትመጣዋ ናት። አልፈልግም ነው ያለችህ!» አልኩት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ድስቱን አየው፣ እኔን አየኝ። «ምስር ልጨምርላችሁ ወይ ስላቸውም እኮ ሁሉም 'አዎ፣ አይ' ነው የሚሉኝ» አለኝ። «እና ትጨምርላቸዋለህ?» «እስከ አፉ ነዋ!» አለኝ። ውይ ልጆቼ፣ ስንት ምስር በልታችኋል!

ሳቄ ሲያልቅ ግን ቅዝዝ አልኩ። አንደበትሽ አይ ካለ፣ እጅሽ ለምን ነይ ብሎ ጻፈልኝ? «ሌላ ምን አለችህ?» አልኩት። አመነታ። «ጎረቤታችሁን በስልክ ላናግራት ብላ ለምናኝ ነበር። ለእናትሽ ለምን አትደውይም ስላት፣ ጉዳዩ የእማ ነው አለችኝ። ደንቡ አይፈቅድም ብዬ ከለከልኳት» አለኝ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ያንን እምቢ ያልኩትን ሻይ አፍልቶ ሰጠኝ፤ ተቀበልኩት። እኔ የጻፍኩልሽ ደብዳቤዎች አንድ በአንድ መጡብኝ። ቤቱ ጭር አለ። ቢስኪት ምግብ አልበላ አለ። ቢስኪት እንቅልፍ አጥቶ ያድራል። ቢስኪት ከሳ። ልጄ፣ ቢስኪት አልከሳም። የሰጡትን ሁሉ ይበላል፤ የብሮንዊንን ሾርባም የሚበላው እሱ ነው። የከሳው ማን እንደሆነ ከኔ ቀድመሽ ያወቅሽው አንቺ ነሽ። ጨለማ የምትፈራ ልጅ ደግሞ ያለ ባትሪ ጫካ ገብታ እንጨት አታመጣም። በዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ አንቺም እንድትጽፊልኝ አልፈልግም።

ሻዩን ሳልጨርስ ከውጭ ጩኸት ተሰማ። «ጫማዋን ሳታወልቅ የምትገባ ወዮላት! ጃሲንታ፣ እንጨቱ ያንቺ ተራ ነው፣ አትነፋረቂብኝ! ሻንጣውን እዚያ አይደለም፣ እዚህ! እዚህ ነው የምልሽ!» ማን ናት ይህቺ ባለጌ ብዬ በመስኮት አየሁ። አንቺ ነሽ። ጭቃ ለብሰሽ፣ ፀጉርሽ ገመድ ሆኖ፣ ፊትሽ በብርድ ተላልጦ፣ የራስሽ ሻንጣ ጀርባሽ ላይ፣ የሌላ ሰው ደግሞ ደረትሽ ላይ። ጃሲንታ አንድ ነገር መለሰችልሽና ሁለታችሁም እስክትጎብጡ ሳቃችሁ።

ይህን ድምፅ ከየት አመጣሽው? አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሳሳድግሽ አልሰማሁትም ልበል? አይ፣ ሕፃን ሳለሽ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ነው የጠፋው። እቤት እኮ እንደ ሹክሹክታ ነው የምታወሪው፤ በር ስትዘጊ እንኳ በእጅሽ ደግፈሽ ነው። ጨዋ ልጅ አለችኝ እያልኩ ስኮራበት ኖርኩ።

ወደ በሩ ሄድኩ። እጀታውን ያዝኩት። አንድ እርምጃ ብወጣ አቅፌሽ ነበር፤ ካቀፍኩሽ ደግሞ እንደማለቅስ፣ ሳለቅስ ካየሽኝ ደግሞ ሻንጣሽን ይዘሽ ዝም ብለሽ መኪናው ውስጥ እንደምትገቢ አውቃለሁ። ያውም ፈገግ እያልሽ። ኮልተን «ልጥራልዎት?» አለኝ።

«አዎ፣ አይ» አልኩት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ገባው መሰለኝ፤ በጓሮው በር አሳለፈኝ። መኪናዬ ከእንጨት መጋዘኑ ኋላ ስለነበረች አላያችሁኝም። እንደ ሌባ ነው ያመለጥኩት። ስዊፍትስ ክሪክ የምትባለው ከተማ ስደርስ ዳር ይዤ አለቀስኩ፤ ሲወጣልኝ ዳቦ ቤቱ ገብቼ ሥጋ ያለበትን ፓይ ከነፍርፋሪው በላሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ምግብ ጣመኝ። ዛሬ ደግሞ ብሮንዊን ስትመጣ ሾርባዋን አብረን ጠጣን፤ ጨው የለውም። ነገርኳት። «ውሻው ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም» አለችኝ።

እንግዲህ ለደብዳቤሽ መልሴ ይኸውልሽ፦ አልመጣም። አልወስድሽም። ብትቆጪም ተቆጪ። ለራስሽ ብለሽ ነይ ካልሽኝ፣ መንገዱ በረዶ ቢሆንም፣ አለቃዬ ቢያባርረኝም በዚያው ቀን እደርሳለሁ። ለሌላ ሰው ብለሽ ከጠራሽኝ ግን አንድ እግሬን አላነሳም። ልዩነቱን ደግሞ አሁን አውቀዋለሁ፤ ልታታልዪኝ አትሞክሪ። ትራስሽን ወደ ራስሽ ክፍል መልሼዋለሁ። ሳደርገው ከብዶኛል፣ አልዋሽሽም፤ ግን አደረግሁት፣ ቤቱም አልፈረሰም።

ሹራቡን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ለጃሲንታም ካልሲ አለበት፤ ከእናቴ ነው በያት። ለኮልተን ምስር በቃን በሉት፣ ግን በአንድ ቃል በሉት።

ብርዱ አይንካሽ፣ እግርሽ አይደናቀፍ። ከፊትሽ ያለውን መንገድ ያቅናልሽ፤ አብረውሽ ያሉትን ሴቶች እህት ያድርግልሽ። ትምህርቱ ሲያልቅ በሩን በርግደሽ፣ እየጮኽሽ ግቢ። እዚህ ቤት የታመመ ሰው የለም።

እናትሽ