አህያውን ማን ይገላግለው

ሐሙስ ጥቅምት 26

ዝናቡ ጨርሶ ወጥቷል። አጥሩን ጠገንሁ። አህያው ከሐይቁ ዳር ለአጥሩ የሚሆን ደንገል ሲያመላልስልኝ ዋለ። ልጄ የሺመቤት ከፋብሪካ ስትመለስ፣ «አባዬ፣ ዛሬ እንኳ አርፈው ቢውሉ ምን ነበረበት?» አለች። ማረፍ ለደከመው ነው አልኋት። ደክሞኝ ነበር፤ እሱን አልነገርኋትም።

ወዳጄ ኑርሑሴን ከእህል መደብሩ ደጃፍ ሆኖ ጠራኝ። እንደ ልማዳችን ተከራከርን። የዛሬው ክርክር ስለ እንስሳ ነው። ለሰው የተሰጠ ነው አልሁ። የሚበላው ይታረዳል፣ የሚሠራው ይሠራል፣ ከዚያ ያለፈ ሥልጣን የለንም።

«ከዚያ ያለፈ ግዴታም የለብንም በለኛ!» ብሎ ሳቀብኝ።

መልስ አላጣሁም። የሶላት ሰዓት ደረሰና ተነሣ እንጂ።

ቅዳሜ ጥቅምት 28

የጭነት መኪና ከገበያው መታጠፊያ ላይ አህያዬን ገጨው። አልቆመም። የኋላ እግሩ ከጭኑ ተሰብሯል… አጥንቱ ይታያል። በሳንቃ ጎትተን ግቢ አገባነው።

ጎረቤት ሁሉ የሚለው አንድ ነው። ከከተማው ዳር አውጥታችሁ ጣሉት፣ ሌሊቱን ጅብ ይጨርሰዋል። ድሮም የሚደረገው ይኸው ነው። ኃጢአትም የለበትም ይላሉ። የገደለው ጅብ ነዋ!

አልጣልሁም። ያገለገለኝን ለጅብ አልሰጥም። የማልበላውን ለመግደልም ሥልጣን የለኝም። ሣርና ውኃ አቀረብሁለት። አበቃ።

እሑድ ጥቅምት 29

ሣሩን አልነካም። ውኃውን ትንሽ ቀመሰ። የቀበሌ ስብሰባ ተጠርቼ ሄድሁ። ምን እንደተባለ አላውቅም።

ሰኞ ጥቅምት 30

የሺመቤት ከአህያው አጠገብ ቆማ አገኘኋት።

«አባዬ፣ በሬ ቢሆን ኖሮስ?»

«ምን በሬ?»

«እግሩ የተሰበረው በሬ ቢሆን! ያኑ ዕለት ቢላ ተስሎ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቅርጫ ገብቶ ነበር። ስቃዩን አሳጠርንለት ትሉ ነበር።»

«በሬ ይበላል።»

«እንግዲያ ያሳዘናችሁ ስቃዩ አይደለማ። ሥጋው ነው።»

ልጅ ለአባቷ እንዲህ ትናገራለች? ተቆጣሁ። እራት አልበላም ብዬ ተነሣሁ። ያለ አስተማሪ ፊደል የቆጠርሁ፣ ዳዊት የደገምሁ፣ ሕግ ያነበብሁ ሰው… መጽሐፎቼን ሁሉ ገለባበጥሁ። ሌሊቱ ተጋመሰ።

ማክሰኞ ኅዳር 1

ቁስሉ ተልቷል። ኑርሑሴን ሊጠይቀኝ መጣና አፍንጫውን በሽርጡ ጫፍ ያዘ።

«ይሄን አስረህ ልታኖረው ነው?»

«አላሰርሁትም። መነሣት አይችልም።»

«ያው ነው። በእጅህ ያለ እንስሳ ነው። ነገ አላህ ፊት የምትጠየቅበት አንተ ነህ። ከእውነት ጋር ሆኛለሁ ትላለህ፤ ለእውነትህ የሚያቃስተው ግን እሱ ነው።»

«እንግዲያ ቢላህን አምጣ» አልሁት።

ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «የእኔን ቢላ? ለአህያ? አንተ ዳኘው፣ አብደሃል እንዴ! ዘይነት እንኳ ከዚያ ወዲያ ያረድሁትን አትበላልኝም!»

ዘይነት ሚስቱ ናት። ዶሮ ታርዶ ስትገፋው ታየኝ፤ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። አህያው አቃሰተ።

ረቡዕ ኅዳር 2

አስናቀ የአብዮት ጥበቃ ነው፤ ጠመንጃ አለው። ቀበሌው በር ላይ አግኝቼው አንዲት ጥይት ለመንሁት። እኔ! ለምኜ የማላውቅ።

«አባ ዳኘው፣ ጥይት በቁጥር ነው የምንረከበው። ለአህያ አይፈቀድም።»

ለማን እንደሚፈቀድ አልጠየቅሁትም።

ስመለስ መንገድ ላይ አሰብሁት። ለመግደል ሥልጣን የለኝም ስል የከረምሁ ሰው በሌላ እጅ ላስገድል ሄድሁ። ከጎረቤቶቼ ምን ለየኝ? እነሱ ጅብ አሰቡ፣ እኔ አስናቀን።

ሐሙስ ኅዳር 3

ዛሬ ውኃውንም ተወ። ዓይኑ ግን ይከተለኛል። ለምን እኔን?

ዓርብ ኅዳር 4

የንስሐ አባቴን አባ መርስዔ ኀዘንን ልጠይቅ ወጣሁ። ብጨርሰው ይፈቀድልኛል ወይ?

«የፈጠረው ያውቃል ዳኘው። እጅህን አታስገባ» አሉኝ።

«እስኪሞት ድረስስ ምን ላድርግ?»

«ታገሥ።»

የሚታገሠው እኔ አይደለሁም ልላቸው ነበር። መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ።

ስመለስ የግቢው በር ተከፍቷል። አህያው የለም። ጎረቤቴ ውዴ ከአጥሯ ላይ ብቅ ብላ፣ «ገላገልንዎ!» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። ለካ ክንዱ፣ የሚካኤል ማኅበራችን ሙሴ፣ አለቃችን፣ ጎረምሶች ይዞ መጥቶ አስጎትቶታል። ለእኔ ብሎ ነው። እጄ ሳይነካው፣ ዓይኔም ሳያይ።

ያን ያህል የተናደድሁበትን ቀን አላስታውስም።

ዕድሜ ልኬን ጀልባ የሠራሁበትን ትልቁን መዶሻ አነሣሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስሁ። ከቆሻሻ መጣያው ማዶ ቁጥቋጦ ሥር ጥለውታል። ገና በሕይወት አለ። ኮቴዬን ሲሰማ ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ… ሣር ያመጣሁለት መስሎት ይሆን?

አንድ ጊዜ መታሁ። ሁለተኛ አላስፈለገም።

ደም የነካውን ጋቢዬን ለብሼ በሰፈሩ መካከል ተመለስሁ። ሁሉም አየ። አልደበቅሁም።

ሰኞ ኅዳር 7

ውዴ ያዋሰችንን ማሰሮ መልሱልኝ ብላ ላከች። ስንመልስላት ደጅ አስቀምጣ በአመድ ስታሽ ዋለች። ጠላ ቤት በር ላይ ሳልፍ አንዱ፣ «ቅርጫው መቼ ነው?» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። እንዳልሰማ ሆኜ አላለፍሁም። ቆሜ አየኋቸው። ዋንጫቸው ላይ አቀረቀሩ። ከዚያ ወዲያስ? ቤቴ ገባሁ።

ለጅብ የጣሉት እነሱ ንጹሕ ናቸው። ሳይበላ የደረስሁለት እኔ ረከስሁ። ይህን ማን ያስረዳኝ?

ኑርሑሴን ብቻ መጥቶ ተቀመጠ። ክርክር አልጀመረም። «ቢላዬን አልሰጠሁህም» አለ። «አልሰጠኸኝም» አልሁት። እስኪመሽ አብሮኝ ቆየ።

ቅዳሜ ኅዳር 12

የማኅበሩ ተራ የእኔ ነው። የሺመቤት ከፋብሪካ ፈቃድ ወስዳ ጠላውን ጠምቃ፣ ዳቦውን ደፍታ አቀረበች። አግዳሚውን ደረደርሁ። ጠበቅሁ።

ማንም አልመጣም። ክንዱ ሐሙሲት ከተማ ለቅሶ አለብኝ ብሎ ላከ። ሌሎቹ መላክም አላሻቸው።

ከሰዓት በኋላ አባ መርስዔ ኀዘን መጡ። አልተቀመጡም።

«ስለ ገደልኸው ንስሐ ግባ። ቀኖና ልስጥህና ሕዝቡም ይመለስልህ።»

«ስለ ገደልሁት አልገባም።»

«አንተ ሰውዬ!»

«ስላቆየሁት እገባለሁ። ቁስሉ እስኪተላ ድረስ እኔ ትክክል ነኝ እያልሁ ስላቆየሁት። ለእሱ ቀኖና ይስጡኝ።»

መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ አዘዋወሩ።

«ለእሱ ቀኖና የለኝም» አሉ በመጨረሻ።

ዳቦውን ባርከው፣ ሳይቀምሱ ሄዱ። የሺመቤት ሁለት ዋንጫ ቀዳች። አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለራሷ። አባትና ልጅ የማኅበር ጠላ ለብቻችን ጠጣን።

ሰኞ ኅዳር 14

የክንዱ ሚስት እናትዓለም በጓሮ በኩል መጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ክንዱ ከሐሙሲት ሲመለስ በቅሎው ከመንገዱ ጠርዝ ገደል ገባችበት። ሁለት እግሯ ተሰብሯል። ከውርንጭላነቷ ያሳደጋት በቅሎ ናት። ከአጠገቧ አልነሣም ብሎ እዚያው ተቀምጧል። ለጅብ ሊተዋት አልቻለም። በእጁም አልቻለም።

«እርስዎ… ይችላሉ ብሎ ልኮብኝ ነው። ሰው እንዳይሰማ ብቻ አደራ» አለችኝ።

ሰው እንዳይሰማ! ተራዬን ትቶ፣ ማኅበሩን አስቀርቶ፣ አሁን በጓሮ!

«ራሱ ይምጣና በፊት ለፊት በር ይለምነኝ» አልኋት። «በማኅበርተኞቹም ፊት ይናገር።»

አልተከራከረችኝም። ቀና ብላ አየችኝና፣ «እሺ፣ እነግረዋለሁ። እስከዚያስ?» አለች።

ወጣች። በሩን ዘጋሁ። ትክክል ነበርሁ… አሁንም ትክክል ነኝ። ክንዱ ሊለምነኝ ይገባዋል።

እስከዚያስ?

ይህን የምጽፈው መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ ነው። በጎንደር መንገድ ወደ ሐሙሲት የሚሄደው የመጨረሻው አውቶቡስ እየጫነ ነው። መዶሻው በጆንያ ተጠቅልሎ እግሬ ሥር አለ። እናትዓለም ከፊት ወንበር ሆና አይታኛለች፤ ፊቷን አዞረች። ታዙር። ክንዱ ያመስግነኝ፣ አያመስግነኝ… ሾፌሩ ግቡ እያለ ነው።