ከፍሬሙ ጀርባ ያለው ገጽ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣ ለሊቋ፤

የእማዬን ሰላምታ አስቀድሜ፣ የእኔን አስከትዬ ልኬልሻለሁ። ሁላችንም ደህና ነን።

ስለ ሳንባ ሴሎችና ስለ ብናኝ የጻፍሽው ጥናት መታተሙን እማዬ ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወረቀቱን አውጥታ ስምሽን በጣቷ ታሳያለች። እንግዳው የተቀመጠበትን ወንበር ማን እንደሠራው ግን የጠየቀም፣ የነገረም የለም። ሠላሳ ዓመት እንጨት ስልግ እንዲህ አልተወራልኝም። ቅናት እንዳይመስልሽ። ቢመስልሽም አልፈርድብሽም።

ለወረቀቱ ፍሬም ሥራ የተባልኩትም እኔው ነኝ። ድሮ በግማሽ ቀን የምጨርሰው ሥራ አራት ቀን ወሰደብኝ፤ የዘንድሮ እንጨት ድንጋይ ነው። የቤታችን ደረጃም ማን እንደጨመረበት እንጃ፣ መሃል ላይ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ስል እውላለሁ።

ጎረቤታችን ነርሷ ጥናትሽን እየተረጎመች ስታነብልኝ ነበር። ሠንጠረዡ ውስጥ «አናጢዎች» የሚል ረድፍ ላይ ስትደርስ፣ ወረቀቱን አጥፋ «የቀረውን እህትህን ጠይቃት» አለችኝ። ስሜ የለበትም ብዬ ስነጫነጭ ከርሜ፣ ለካ እኔም አለሁበት።

ስምሽ ያለበትን ገጽ ከፊት፣ የአናጢዎቹን ገጽ ከኋላ አድርጌ ግድግዳው ላይ ሰቅየዋለሁ። እማዬ የምትወለውለው ፊቱን ብቻ ነው።

በይ፣ አንቺን ጤና ያቆይልን፤ ዕውቀትሽንም ለወገን ያድርገው። መልሱን ግን በእማዬ አድራሻ ሳይሆን በሥራ ቦታዬ ላኪልኝ።

ወንድምሽ፣ ወንበር ሠሪው